ያተረፈችው

ቅጹ ሦስት ኮፒ ነው፤ ካርቦኑ ደብዝዟል፣
"የሚወገድ ንብረት" ካናቱ ላይ ይላል።
"የዕቃው ዓይነት" — ጀልባ። "ቀለም" — ብርቱካን ነበር፣
ፀሐይ ልሶት ልሶት፣ አሁን የሸክላ አፈር።
"መለያ ቁጥር" — የለም። ስም ግን አላት፦ ደራሽ፤
ሙሄ ነው ያወጣው፣ የመቅዘፊያው ወራሽ።
ያን ለታ አሊጋዝ ሳቀ፣ ከሾላው ሥር ቆሞ፦
"ደራሽማ ጎርፍ ነው! ጎርፍ ያድናል ደግሞ?"

"የገባችበት ቀን" — በኢሱዙ ተጭና፣
ከደሴ ቁልቁለት፣ በሸራ ተሸፍና።
ልጆች ተከተሏት እስከ ሸምበቆው ድረስ፤
ሆዷ ውሃ ሲነካ፣ ሐይቁ ጀመር መታረስ።

"የአገልግሎት ታሪክ" — ሁለት መስመር ቦታ።
የሙሄ ደብተር ግን ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤
አብጧል በርጥበት፤ በሲባጎ ተገታ።

"ሐሙስ፣ ከገበያ መልስ። ታንኳ ተገልብጣ፤ ሦስት ሰው፣ አንድ ጆንያ ጨው።
ሰው ወጣ። ጨው ቀረ። ጨው ውሃ ውስጥ ምን ሊተርፍ ነው?"

"ሌሊት፣ ዝናብ። ተዋበች ወልዳ፣ ደሙ አልቆም ብሏል።
ከማዶ እስከ መኪና መንገድ፣ ሃያ ደቂቃ። ሕፃኑ ካፖርቴ ውስጥ ተኝቷል።"

"ጥር። ዲያቆን ልሳኑ። ዋና አያውቅም፤ ከበሮውን አቅፎ ይንሳፈፋል።
'ማን አዳነህ?' ሲሉት 'ከበሮው' አለ። ይሁን፣ ይጻፍለታል።"

"ጥጃ፣ አንድ። ከጭቃ። ባለቤቱ ስምንት ዕንቁላል ሰጠኝ፤ ሁለቱ ተሰበሩ።"

ከዚያ ይህ ገጽ፦

"ሰኔ። ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ልጅ።
ነዳጅ የለም። መጋዘን ዝግ።
በመቅዘፊያ ሄድኩ።
ደረስኩ።"

ከሥሩ ባዶ ነው። የእርሳሱ ጫፍ ብቻ
ነጥቧን ወግቶ ወግቶ፣ ማዶ ገጽ ወጥቷል።

ሙሄ አልጻፈውም፣ ቁልፉ ከማን እንደ ነበር፤
እኔ ልጻፈው እንጂ፣ እስከ መቼ ይሰወር?
ከኔ ኪስ ነው።
ደሴ ነበርኩ፣ ስብሰባ። አጀንዳው፦ የንብረት አያያዝ።
ሻይ ጠጥተናል። አበል ፈርሜ ወስጃለሁ።
ቁልፉ ከሳንቲሙ ጋር ሲንቀጫቀጭ ሰምቻለሁ።
ልጁ ኑርዬ ይባላል። ይህን ያወቅኩት ማታ፣ ከአውቶቡስ ስወርድ።

እናቱ ሐዋ መጣች፣ ከሐዘኗ በኋላ፤
በሃይላንድ ቤንዚን፣ አንድ ሊትር የሞላ።
ለሙሄ ሰጠችው፦ "መጋዘን አታግባው፤
እዚሁ ከጎኗ፣ ከወንበሯ ሥር አኑረው።"
በየወሩ መጣች። ክክ ሸጣ፣ ዕንቁላል ሸጣ።
ለእኔ ሰላምታ አላት፤ ጠርሙሱን ግን
በእጄ ሰጥታ አታውቅም፣ አንድ ቀን ተሳስታ።

በሁለተኛው ክረምት፣ ደራሽ ወረደ ከላይ፤
ደራሽ ወጣች ከታች፣ በሐዋ ሊትር ላይ።
ሁለቱ ስም የተጋሩ፣ ተገናኙ አሊጋዝ ደጅ።
እሱ ከሾላው ቅርንጫፍ፣ ከሚስቱና ከስድስት የልጅ ልጅ ጋራ፣
"አንቺ ጎርፍ! ነይልኝ!" አላት፤
ሙሄ እስካሁን አልለየውም፣ ሲስቅ ይሁን ሲጣራ።

"ዓመታዊ ገቢ" — የለም።
"ትርፍ" የሚል ዓምድ አለ። ቋንቋችን ደግ ነው፤
ነጋዴም ያተርፋል፣ ጀልባም ታተርፋለች፤ ቃሉ አንድ ነው።
ደብተሩን ቆጠርኩት። አርባ ሦስት ሰው። ጥጃ፣ አንድ። ከበሮ፣ አንድ።
ጻፍኩት።
"ኪሳራ" — አንድ።
"የኪሳራው ምክንያት" — እዚህ ስሜን ጻፍኩ፣ ከነአያቴ።
ኃላፊው ነገ "ዓምዱ ለብር ነው" ብሎ ይመልስልኛል። ይመልስ።
የላይኛውን ቢቀድ፣ ካርቦኑ ከሥር ይዞታል።

"ቀሪ ዕቃ" — ሃይላንድ፣ አንድ። ቤንዚኑ ግማሽ ነው።
መጋዘን አላስገባሁትም።